ትርፍ ቤት

ሰኔ 24 ቀን 1967

ፈረቃዬ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጧት ናዝሬት ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። የዓመቱን የቤት ግብር ለመክፈል። ሰልፉ እስከ ውጭ በር ደርሷል… ሁልጊዜም ሰው የመጨረሻውን ሳምንት ይጠብቃል፣ እኔን ጨምሮ። ከፊቴ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ነጻ በሉኝ ብለው ሲለምኑ ቆዩ። ገንዘብ ተቀባዩ "አባባ፣ የሚከራይ ቤት ነጻ አይባልም" ይላቸዋል። "ተከራዩ እኮ አይከፍለኝም!" ይሉታል እሳቸው። ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ።

ተራዬ ደረሰ። "በማን ስም?" "በዘገዬ ገብረወልድ።" "እርስዎስ?" "ሚስቱ ነኝ።" ደረሰኙን በሱ ስም ቆረጠልኝ።

የአሰብ መንገዱ ቤት ሁሌም እንዲህ ነው። ከስልክ ቤት ደሞዜ በጣልኩት ዕቁብ ተሠራ፤ ቦታውን የተመራው ዘገዬ ስለሆነ በሱ ስም ሆነ። ያኔ ስለዚህ ነገር ያነሳ ሰው የለም። ባልና ሚስት ምን ልዩነት አለው? አሁን የፊቱን ክፍል እልፍነሽ የምትባል ልጅ ተከራይታ ለሾፌሮች ምግብ ትሸጥበታለች። ጥሩ ከፋይ ናት።

እኛ የምንኖረው በአባቴ ቤት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ። ጭቃ ነው ግን አይፈስም። ግቢው ውስጥ ባሉት ሁለት ክፍሎች መርዳሳና ቀመሪያ አሉ። መርዳሳ መልካሳ እርሻ ምርምር ይሠራል። ቀመሪያ ገበያ ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች፣ ጓደኛዬ ናት።

ዘገዬ ጭነት ይዞ አሰብ ነው። እሁድ ይገባል፣ ተሳቢው ካልተበላሸ።

ሐምሌ 19

ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ስልክ ማገናኛው ላይ። አለቃችን ራዲዮኑን ከፍ አደረገው። ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ። ባልና ሚስት አንድ ቤተሰብ ናቸው…

ከዚያ በኋላ መስመሩ ሁሉ በአንዴ ጠራ። አዲስ አበባን ስጪኝ። አሰላን ስጪኝ። ሻሸመኔ ያለውን ወንድሜን ፈልጊልኝ። ባለ ቤቱ ማን ተከራዩ ማን እንደሆነ ከድምፁ ይታወቃል። አንዲት ሴት ስትስቅ ሌላዋ በሌላው መስመር ታለቅሳለች፣ ሁለቱንም አገናኛለሁ። ስለራሴ ያሰብኩት ማዳመጫውን ካወለቅኩ በኋላ ነው።

ሐምሌ 23

ዘገዬ ገባ። የመንገዱ አቧራ ላዩ ላይ እያለ ጀመረ። "የአሰብ መንገዱን ነው የምንይዘው። ብሎኬት ትቶ ጭቃ የሚመርጥ አለ?" እኔ ደግሞ የአባቴን ቤት እንዴት አድርጌ አውጥቼ ልስጥ? እናቴ የሞተችው እዚሁ መኝታ ቤት ነው። "አንቺ ሙታን ትቆጥሪያለሽ" አለኝ። "አንተስ ብሎኬት አይደል የምትቆጥረው?" አልኩ። ተኮራርፈን ዋልን።

ሐምሌ 28

ጋሼ አብተው መጡ፣ የዘገዬ አጎት። ሠርጋችንን የጨረሱት እሳቸው ናቸው። ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ "ልጆቼ፣ መላ አለው" አሉ። ባልና ሚስት አንድ ቤት ነው የሚይዙት። ያልተጋቡ ሁለት ሰዎች ግን ለየራሳቸው አንድ አንድ።

"እኛ እኮ ተጋብተናል" አልኩ።

"አዋጁ ከመውጣቱ በፊት ከተፋታችሁ ማን ይጠይቃችኋል?"

"አልተፋታንም።"

"በወረቀት ነዋ፣ ልጄ። የቤተ ዘመድ ዳኞቹ እኛው ነን። መጋቢት ላይ አፋታናቸው ብለን እንፈርማለን። እናንተ እንደ ድሮአችሁ።"

ዘገዬ እሳቸውን ሳይሆን እኔን ያያል። ቀድመው ተነጋግረዋል መሰለኝ።

"እግዚአብሔርስ?" አልኳቸው።

"እግዚአብሔር ወረቀት አያነብም" አሉኝ።

ነሐሴ 3

ፈረምኩ።

ወረቀቱ "የፍቺው ምክንያት" የሚል ቦታ አለው። "ልጅ ባለመውለዳቸው" ብለው ሞሉት። ማንንም አልጠየቁም። "ሌላ ምክንያት አይገኝም?" አልኩ። ጋሼ አብተው፣ "ይኼ ሁሉም የሚያምነው ነው" አሉኝ። ተመርምረን ነበር እኮ፣ ሁለታችንም። ዶክተሩ ከሁለታችንም ምንም አላገኘም። ይህን ጋሼ አብተውም ያውቃሉ።

ከዚያ ዘገዬ ሆቴል ወሰደኝ። ጥብስ አዘዘ፣ ቢራ አዘዘ። "ነገሩ ሲረጋጋ ተመልሰን እንጋባለን። ሁለተኛ ሠርግ እደግስልሻለሁ፣ ተሹ።" ሳቅኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ሁለቱም ቤት ተርፎልናል። ያቺ "ባለመውለዳቸው" ብቻ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለች።

ነሐሴ 10

ዛሬ ዕቃውን አወጣ። ሰው እንዲያይ በቀን ነው የወጣው። ፍራሹን፣ ራዲዮኑን፣ የደንብ ጫማውን ጋሪ ላይ ጫነ። አዋጁ ባለቤቱ ቤቱ ውስጥ መኖር አለበት ይላልና የአሰብ መንገዱ ቤት ጓዳ ገባ። እልፍነሽ ለጊዜው የፊቱን ክፍል ይዛ ቆየች፣ ክፍሉ የንግድ ስለሆነ ለብቻው ይታያል ተባለ።

ቀመሪያ እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ። እንደ ለቅሶ አለቀሰች። "ያ ረቢ፣ አሥራ ሰባት ዓመት አብሮ ኖሮ…" ልነግራት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዘገዬ ለማንም እንዳትነግሪ ብሏል። እሷ ስታለቅስ እኔም አለቀስኩ፣ ለማስመሰል የጀመርኩት አልቆም አለኝ።

መስከረም 30 ቀን 1968

ቀበሌ ተቋቋመ። መርዳሳ ሊቀ መንበር ተመረጠ። ግቢዬ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ክፍሎች የቀበሌ ሆኑ፤ ኪራዩ ከእንግዲህ ወደዚያ ነው። መርዳሳ ሊነግረኝ ሲመጣ አፍሮ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ፣ "እትዬ ተሻለች፣ አዋጁ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" አለኝ። "አውቃለሁ፣ ግባ" አልኩት። አልገባም። ቀመሪያ ደግሞ በየሳምንቱ ሽንኩርት ታስቀምጥልኛለች፣ ብር እንዳልከፍላት እየማለች።

ዘገዬ ከአሰብ በተመለሰ ቁጥር በጓሮ በር ይገባል። እንደ ወጣት ፍቅረኛ… ቀበቶውን እየያዘ የጓሮውን አጥር ይዘላል። መጀመሪያ መጀመሪያ ያስቀን ነበር።

ጥር 7

በዚህ ወር አንዴ ብቻ መጣ። መንገዱ ከባድ ነው አለ።

ሚያዝያ 19

ራሴ ሄድኩ። የገዛ ቤቴን ልይ ብዬ። የፊቱ ክፍል መጋረጃ ገብቶለታል፣ ሰማያዊ። እልፍነሽ ከወንበሩ ብድግ አለች። "እትዬ፣ ግቡ፣ ግቡ፣ ይቀመጡ።" ምግብ አቀረበችልኝ። የኔው ድስት ነው፣ ዘገዬ ከቤት የወሰደው። በዚያ ድስት ወጥ ሠርታ ለእንግዳ አቀረበችልኝ። ልከፍል ስል "እንዴት ተደርጎ" ብላ እጄን ያዘች። ጥሩ ልጅ ናት፤ ያበሳጨኝ ይኸው ነው። ጓዳውን ልይ ብዬ አልጠየቅኩም።

ለምን አልጠየቅኩም?

መስከረም 21 ቀን 1969

ጋሼ አብተው ሞቱ። ነፍሳቸውን ይማር። ቀብሩ ላይ ዘገዬና እኔ ተራርቀን ቆምን፣ በሕግ የተፋታን ነንና።

አዲስ ነገር መጣ። ቤቱን የያዘ ሁሉ በየዓመቱ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ይከፍላል። ግምቱ ትንሽ የሆነ ቤት ግን ነጻ ሊባል ይችላል፤ ቀበሌው ስብሰባ ላይ አይቶ፣ በቤተሰቡ ሌላ ቤት አለመኖሩን አረጋግጦ። የአባቴ ቤት ጭቃ ስለሆነ ይገባዋል። እኔ ግን ልከፍል ነው ያሰብኩት። ደሞዝ አለኝ፣ ሕዝብ ፊት ምን ያቆመኛል?

ዘገዬ ይህን ሲሰማ መጣ። "ጭቃ ቤት ያለው ሁሉ ነጻ በሉኝ ሲል አንቺ ብቻ ካላልሽ፣ ለምን ይላሉ። ሌላ ቤት አላት ይላሉ። ጠይቂ።"

"ባል የለኝም ብዬ ሕዝብ ፊት ልማል?"

"በወረቀት የለሽማ" አለኝ።

ጥቅምት 8

ስብሰባው ድሮ የበርበሬ መጋዘን በነበረው አዳራሽ ነበር። ሰው ሁሉ ያስነጥሳል። ተራ በተራ ያስነሱናል። አንዷ ስለ ጣሪያዋ ስትናገር፣ አንዱ ስለ ዓይኑ። ስሜ ተጠራ፣ ተነሳሁ።

መርዳሳ፣ "ወይዘሮ ተሻለች፣ ባለቤት አለዎት?" አለኝ። ወረቀቱን እንጂ እኔን አያይም።

"የለኝም።"

ከኋላ አንዲት ሴት፣ "ይመጣል ይባላል እኮ፣ በጓሮ" አለች። ማጉረምረም ሆነ። መርዳሳ ጉዳዩን ለሚቀጥለው ሳምንት አሸጋገረው፣ ዘገዬ ራሱ ቀርቦ ቃሉን እንዲሰጥ።

ጥቅምት 15

መጣ። ኮት ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ። ለሠርጋችንም እንዲህ አላማረበትም።

"ከወይዘሮ ተሻለች ጋር ምን ግንኙነት አለዎት?"

"ምንም። ድሮ ባለቤቴ ነበረች። ልጅ ስላልወለደችልኝ ተለያየን። አሁን የራሴ ቤት፣ የራሴ ትዳር አለኝ።"

"ከማን ጋር?"

"እልፍነሽ ትባላለች። ቀበሌዬን መጠየቅ ይቻላል፣ በቤተሰቤ ላይ ተመዝግባለች።"

አልተንተባተበም። ሰው ሲዋሽ እኔ ከድምፁ አውቃለሁ፣ ሥራዬ ድምፅ መስማት ነው። የዘገዬ ድምፅ የተስተካከለ ነበር። ወረቀቱ "ባለመውለዳቸው" ነበር የሚለው። "ስላልወለደችልኝ" አደረገው…

እጅ አወጡ። ነጻ ተባልኩ። ጎረቤቶቼ እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ።

ጥቅምት 18

በጓሮ መጣ። ደስ ብሎታል። "ጎበዝ ነሽ፣ ተሹ። ተሳካ እኮ።" ምሳ ፈለገ።

"እልፍነሽን እዚያ ምን አመጣት?"

"እንዲያምኑን ነዋ። ሴት የሌለችው ወንድ ማን ያምናል?"

"ተመዝግባለች ያልከውስ?"

"ለስኳር ኮታ ነው። ሁለት ሰው ሲሆን ይሻላል።"

አመንኩት። እዚህ እጽፈዋለሁ፤ አመንኩት። ምሳውን ሰጠሁት።

ጥር 12

የጧት ፈረቃ አልነበረኝም። ጓደኛዬ ታመመችና ገባሁላት። ሚሌ ጠራ።

"ሃሎ ናዝሬት። አሰብ መንገድ፣ አብደላ ሱቅን ስጪኝ።"

ዘገዬ ነው። እኔ መሆኔን አላወቀም፣ ከሰዓት ነው የምትገባው ብሎ ነው። ሰጠሁት። ደንቡ መስመሩን ሰጥቶ መውጣት ነው። አልወጣሁም። አብደላ "ቆይ ልጥራት" ብሎ ሄደ። የሱቁ ጫጫታ ይሰማል፣ አንድ ሰው ሳሙና ይጠይቃል።

"ሃሎ?"

"እልፌ። ሐኪም ቤት ሄድሽ?"

"ሄድኩ። ደህና ነው አሉኝ። ይገላበጣል እኮ አሁን።"

ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

"እትዬ ተሻለች ሰሙ?" አለችው።

"ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።"

"እፈራለሁ እኔ። ምንም አልበደሉኝም…"

ሰዓቱ ሞላ። ቁልፉን ተጫንኩ። "ደቂቃው አልቋል፣ ይጨምራሉ?" አልኩ።

"ተሹ?"

"ይጨምራሉ?"

ዘጋው። ከዚያ አሰላ ጠራ፣ ሞጆ ጠራ፣ ወለንጪቲ ጠራ። ሁሉንም አገናኘሁ። ሥራዬን አልተሳሳትኩም።

ጥር 17

መጣ። ቆሞ ነው የተናገረው። ዕድሜዬ ሄደ አለ። አንድ ልጅ ሳላይ መንገድ ላይ ተገልብጬ ብሞትስ አለ።

"ተመልሰን እንጋባለን ያልከውስ?"

"አንቺን እኮ አልተውኩሽም። ይኼም ቤቴ ነው፣ ያም ቤቴ ነው።"

እንዲህ ሲል አንድም የክፋት ነገር ፊቱ ላይ አልነበረም። ትክክል የተናገረ ነው የሚመስለው። ያን ጊዜ ገባኝ… ሁለት ቤት ያተረፍነው ሁለታችን አይደለንም። እሱ ነው ያተረፈው።

ከሄደ በኋላ የጓሮውን በር በሚስማር መታሁት። መዶሻውን ስቸገርበት ቀመሪያ መጣች። ለምን አላለችኝም። ሳንቃውን ያዘችልኝ። ስንጨርስ ነገርኳት፣ ከወረቀቱ ጀምሮ ሁሉንም። "ያኔ በውሸት ላስለቀስሽኝ እንባ ተቆጥቼሽ በሄድኩ ነበር" አለችኝ፣ "ግን ለካ እንባው በቦታው ነበር።"

ግንቦት 20

ወንድ ወለደች።

ነሐሴ 26

ባቡሩ ቆሟል። ጦርነቱ መስመሩን ቆርጦታል። የጣቢያውን ፊሽካ ሳልሰማ መዋል አልለመድኩም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እሱን ሰምቼ ነው የምነሳው። ከተማው በወታደር መኪና ተሞልቷል። ወጣቶች እየታፈሱ ነው፣ እናቶች ስልክ ቤት መጥተው "የት እንዳለ ፈልጊልኝ" ይሉኛል። ለማን ልደውል? የኔ ነገር ከዚህ ጎን ምን ቁም ነገር አለው… ግን የኔ ነው።

ዘገዬ ለግንባር ስንቅ ያመላልሳል። አሁን በፊት ለፊት በር ነው የሚመጣው። ማንም አይጠይቀውም፣ የጦር ስንቅ የሚጭን ነውና። ሳይጠራ ይገባል፣ ይበላል፣ ሸሚዜን አጥቢልኝ ብሎ ትቶ ይሄዳል። ስለ ልጁ ያወራኛል፤ መሳቅ ጀምሯል። ውጣ ለማለት ሁለቴ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ድካም ነው? ወይስ አሁንም…

አላውቅም።

ጥቅምት 11 ቀን 1970

ነጻ መባሉ በየዓመቱ ይታደሳል ለካ። እንደገና አዳራሽ፣ እንደገና "ባለቤት አለዎት?" መርዳሳ ቢሮ ሄጄ ዘንድሮ እከፍላለሁ፣ ነጻ አልፈልግም አልኩት። ግራ ገባው። "የሚገባዎትን ለምን ይተዋሉ?" "አይገባኝም" አልኩ። ሌላ ማስረዳት አልቻልኩም።

ጥቅምት 16

ዘገዬ ሰምቶ መጣ። "ለምን ከፈልሽ? ሰው ምን ይላል?"

"ከእንግዲህ ወዲህ አትምጣ" አልኩት። በመጨረሻ ወጣልኝ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"እኔ አንድ ቃል ብናገር ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ? ፍቺው የውሸት ነው ብል? ቤተሰብ አንድ ቤት ነው የሚይዘው። ብሎኬቱ ይቀራል፣ ያንቺ ጭቃ ይወሰዳል። የፈረምሽው አንቺ ነሽ።"

"አንተስ አልፈረምክም?"

"እኔ ስንቅ አመላላሽ ነኝ። ማን ይነካኛል?"

የአባቴን ወንበር ነው የተቀመጠበት።

ጥቅምት 17

እንቅልፍ የለም። ቤቱን ይወስዱብኛል ብዬ ስፈራ አደርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይኸው ነው ፍርሃቴ። ለዚህ ነው የፈረምኩት። ለዚህ ነው ሕዝብ ፊት ቆሜ የካድኩት። ለዚህ ነው ምሳ የሰጠሁት።

ኅዳር 5

አለቃችን ዛሬ ሰበሰበን። ዝዋይ ሰው ጎድሏል። "ማን ይሄዳል?" ሁሉም ወለሉን ማየት ጀመረ። ትንኝ አለ፣ ወባ አለ፣ የሚከራይ ቤት የለም። እዚያ ያለችው ሸዋወርቅ ብቻዋን ሁለት ፈረቃ እየሠራች ነው።

እጄን አነሳሁ። አስቤበት አይደለም። ከተነሳ በኋላ ነው ያየሁት፣ የኔ እጅ መሆኑን።

"ቤት አለሽ እኮ እዚህ" አለኝ አለቃዬ።

"አለኝ" አልኩ።

ታኅሣሥ 3

ቁልፉን ይዤ መርዳሳ ዘንድ ሄድኩ። የግቢውን፣ የሳሎኑን፣ የመኝታ ቤቱን። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

"ምንድን ነው?"

"ቤቱን ለቀበሌው አስረክቤያለሁ። ዝዋይ ተዛውሬያለሁ። መሸኛ ጻፍልኝ።"

ተነስቶ በሩን ዘጋ። "እትዬ ተሻለች፣ ሰው ከነሕይወቱ ቤቱን አይሰጥም። ማን ነካዎት?"

ነገርኩት። በሁለት ዓመት ሁለተኛው የነገርኩት ሰው እሱ ነው፣ ሊቀ መንበሩ። ይያዘኝ ካለ ይያዘኝ። ሁሉንም ሰማ። ከዚያ፣

"አውቅ ነበር" አለኝ።

"ምን?"

"ግቢ ውስጥ ነበርኩ እኮ። ሰው አጥር ሲዘል ይሰማል። ስብሰባው ላይ ስጠይቅዎትም አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ለእርስዎ ብዬ። ቤትዎን አዳንኩ ብዬ።" እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። "ደግ የሠራሁ መስሎኝ።"

ምን ልበለው? ያኔ ቢናገር ኖሮ ቤቱ ይሄድ ነበር፣ ዘገዬም ያን ቃል ሕዝብ ፊት ባልተናገረ። ወይም ይናገረው ነበር፣ በሌላ ቦታ። "ደግ ነህ" አልኩት። እውነቴን ነው፣ ደግ ነው። ግን ሳልጨብጠው ወጣሁ።

ቤቱን ለቀመሪያ እንዲሰጡልኝ ለመንኩት። ስድስት ልጅ ይዛ በአንድ ክፍል ነው የምትኖረው። ኮሚቴ ያያል አለ።

ታኅሣሥ 9

ዕቃዬ ጋሪ ላይ እያለ ዘገዬ ደረሰ።

"ወዴት ነው?"

"ዝዋይ።"

"ቤቱስ?"

"ሰጠሁት።"

"ለማን?"

"ለቀበሌ።"

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ቆቡን አወለቀ። ሊቆጣ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልተቆጣም። እንደታመመ ሰው ሆነ።

"አብደሻል" አለኝ ቀስ ብሎ። "ለልጁ ነበር ያሰብኩት እኮ። አንቺ ልጅ የለሽ። ሲያድግ ይኼን ይይዛል ብዬ…"

እኔ በሕይወት ሳለሁ አስልቶታል። አባቴ የሠራውን ቤት፣ እናቴ የሞተችበትን መኝታ ቤት፣ ለእልፍነሽ ልጅ። የኔን ሞት ጭምር አስልቶታል። ያን ጊዜ ለቤቱ የነበረኝ የመጨረሻ ሐዘን ወጣልኝ።

"ጋሪው ይጠብቀኛል" አልኩት።

ቀመሪያ እስከ አውቶቡስ ተራ ሸኘችኝ። አንድ ኩንታል የሚያህል ሽንኩርት አስጫነችልኝ። "ነጋን፣ ነጋን ሂጂ" አለችኝ፣ በኦሮምኛዋ በሰላም ሂጂ ማለቷ ነው። የዛሬው እንባ ትክክለኛው ነው።

ታኅሣሥ 25

ዝዋይ። ሸዋወርቅ ዘንድ ተጠግቻለሁ። ማብሰያ ቤቷ ውስጥ ነው የምተኛው። ወባው እንዳሉት ነው። ሁለት ቀን ተኝቼ ተነሳሁ። የስልኩ ሰሌዳ ትንሽ ነው፣ ጥቂት መስመር ብቻ። ብዙ ሰዓት ዝም ብዬ ሐይቁን አያለሁ። የተሠራብኝን ነገር ሳስብ ደሜ ይፈላል። ከዚያ መስመር ይጠራል።

ጥር 14

ናዝሬት ጠራ። ቀመሪያ ናት፣ ስልክ ቤት ድረስ ሄዳ።

ቤቱን አልሰጧትም። ኮሚቴው ለአጎራባች ቀበሌዎችም ጭምር የሸማቾች ሱቅ አደረገው። ግድግዳውን አፍርሰው ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን አንድ አደረጉት። "መኝታ ቤትሽ ስኳር ተራግፎበታል" አለችኝ። ልስቅ ነው ልጮህ ነው አላወቅኩም።

"ዘገዬስ?" አልኳት። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

"ትናንት አይቼዋለሁ። ሰልፍ ይዞ ቆሞ ነበር፣ እዚያው በርሽ ላይ። ካርዱን ይዞ። ለልጁ ስኳር።"

ሸዋወርቅ ከጎኔ ሰዓቱን አሳየችኝ። "ደቂቃው አልቋል፣ ልጨምርልሽ?" አልኳት ቀመሪያን። "አይ፣ ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው" አለች።

የካቲት 2

ክፍል ተገኘልኝ። የቀበሌ ቤት ነው፣ አንድ ክፍል፣ ከገበያው በታች። ጣሪያው ቀዳዳ አለው፤ በጋ ስለሆነ ገና አልተፈተነም። መስኮቱ ወደ ሐይቁ አይደለም፣ ወደ ዓሣ ሻጮቹ ነው። ጧት ጧት ይሸታል። ዛሬ አልጋዬን አስገባሁ። ማንም አልረዳኝም፣ ማንንም አልጠራሁም።

ከሰዓት በኋላ ለመመዝገብ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ወጣት ነው፣ ጉንፋን ይዞታል። መሸኛዬን አነበበ። ስሜን ጻፈ፣ ዕድሜዬን ጻፈ፣ ሥራዬን ጻፈ።

"ባለቤት?" አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ባል አለሽ ወይ ማለቱ ይሁን፣ ቤቱ ያንቺ ነው ወይ ማለቱ፣ አልገባኝም። አልጠየቅኩትም።

"ተከራይ" አልኩት።

ጻፈው።